የልጅ አስተዳደግ መረጃን በትምህርት ቤት በኩል ለቤተሰብ ማድረስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ ርዕሰ መምህራን፣ የክፍል ኃላፊ መምህራንና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት አባላት የተዘጋጀ።

የልጅ አስተዳደግ መረጃ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ልጅ ማታ አልተኛ ሲል፣ ከስልክ አልላቀቅ ሲል፣ ሲዋሽ፣ መጽሐፍ ሲያስጠላው ወይም ጓደኞቹ ሲያስፈራሩት ቤተሰብ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያስረዱ፣ በኢንተርኔት በነፃ የሚገኙ አጫጭር ጽሑፎች፣ የድምፅ ቅጂዎችና ቪዲዮዎች ናቸው። አዘጋጆቹ ባብዛኛው የጤና ተቋማት፣ በሕፃናት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ራሱ አይጽፋቸውም፤ ይመርጣል፣ ያሳጥራል፣ ወላጁ በሚገባው አማርኛ ያደርሳል።

የክፍያ ማሳሰቢያ፣ የስብሰባ ጥሪና የቤት ሥራ ከዚህ ውስጥ አይገቡም። በአንድ መንገድ አብረው ሲላኩ ወላጁ «ደግሞ ምን አምጡ ሊሉ ነው» ብሎ ሁሉንም ሳይከፍት ያልፋል።

ወላጅ ራሱ ፈልጎ ማግኘት አይችልም? ትምህርት ቤቱ ምን አገባው?

ይችላል። ጥያቄው ምን ያገኛል ነው። ዩቲዩብ ላይ «ልጄ አይበላም» ብሎ ለሚፈልግ ወላጅ ቀድሞ የሚመጣለት ብዙ ሰው ያየው እንጂ ትክክለኛው አይደለም። ርዕሱ የሚያስደነግጥ፣ መጨረሻው የቪታሚን ማስታወቂያ የሆነ ቪዲዮ ሞልቷል። የተሻለው ጽሑፍ ደግሞ ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።

ትምህርት ቤቱ የልጁን ዕድሜና ክፍል ያውቃል፤ ወላጁም የልጁን መምህር ያምናል። «ለ2ኛ ክፍል ወላጆች» ተብሎ የመጣ ግማሽ ገጽ የሚነበበው ለዚህ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ሥራ ማጣራት ነው። በአንድ ቀን አሥር ሊንክ የሚልክ ትምህርት ቤት የማጣራቱን ሥራ መልሶ ወላጁ ላይ ጥሎታል።

ከየት እንጀምር?

ከምዝገባ ቅጹ። አራት ጥያቄ ይበቃል፦ ከልጁ ጋር የሚውለው ማን ነው፣ በየትኛው ቁጥር ይገኛል፣ ስልኩ ቴሌግራም ይከፍታል ወይስ ተራ ሞባይል ነው፣ ቤት ውስጥ አማርኛ አንብቦ የሚያሰማ ሰው አለ ወይ። ምዝገባው ካለፈ ካርድ የሚሰጥበትን ቀን ይጠቀሙ፤ ወላጅ በብዛት ግቢ የሚገባው ያኔ ነው።

ከአራቱ የመጀመሪያው በጣም ይዘለላል። «የወላጅ ስልክ» በሚለው ቦታ የሚሞላው ብዙ ጊዜ የአባት ቁጥር ነው፤ አባት ባጃጅ ላይ ይውላል፣ ልጁን አብልታ የምታስተኛው እናት ወይም አያት ናት። ምክሩ አባት ኪስ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ይኑር፤ «ከልጁ ጋር የሚውለው» የሚለው ይቅደም።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ይሻላል ወይስ ግሩፕ?

ምክር ለማድረስ ቻናል ይሻላል። በቻናል የሚጽፈው አስተዳዳሪው ብቻ ነው፤ ተከታዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም። በግሩፕ ግን አባላቱ ይተያያሉ፤ በቴሌግራሙ የግላዊነት ማስተካከያ ቁጥሩን ያልደበቀ ሰው ስልኩ ለማያውቀው ሰው ሊታይ ይችላል። ከዚህም በላይ በግሩፕ ውስጥ የበዓል መልካም ምኞት፣ «ለአሥር ሰው አስተላልፉ» የሚል ጸሎትና ምንጩ ያልታወቀ ወሬ ምክሩን በአንድ ቀን ይቀብሩታል። በትምህርት ቤት ስም በተከፈተ ግሩፕ ውስጥ የፖለቲካ ክርክር ቢነሳ ደግሞ ለመምህሩም ለወላጁም አይበጅም።

ግሩፕ የግድ ከሆነ በክፍል ይከፈል፤ አስተዳዳሪው የአባላትን የመጻፍ ፈቃድ ዘግቶ በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ይክፈተው። ቻናል ሲከፈት ባለቤቱ በራሱ ማስገባት የሚችለው የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች ነው፤ ሌላው በሊንክ ይገባል። ከ200 በታች ቢሆኑም ሊንኩን መላኩ ይሻላል፤ ሳይጠየቅ የገባ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ይተወዋል።

ቻናሉ በማን ስልክ ይከፈት?

በመምህር የግል ቁጥር አይከፈት። መምህሩ ዝውውር ሲያገኝ ቻናሉ አብሮት ይሄዳል፤ ወይም ስልኩ ሲጠፋ ቻናሉ ባለቤት አልባ ይሆናል። በትምህርት ቤቱ ስም የወጣ ሲም ካርድ ይኑር፤ የይለፍ ቃሉን ርዕሰ መምህሩና አንድ ሌላ ሰው ይያዙት፤ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ አስተዳዳሪዎች ይመደቡ።

በግል ቁጥር የተከፈተ ካለ ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል፤ ግን በአንድ ጀምበር አይሆንም። ቴሌግራም ባለቤትነት የሚያዛውረው የባለቤቱ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከሚላከው ኮድ ሌላ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል) ከተከፈተ ከ7 ቀን በላይ ሲሆነውና በያዘው ስልክ ከገባ ከ24 ሰዓት በላይ ሲያልፍ ነው። መምህሩ ክሊራንስ በሚጨርስበት ቀን ይህን ለመሥራት ማሰብ ዘግይቷል። ማረጋገጫውን ዛሬ ያስከፍቱት።

ተራ ሞባይል ብቻ ያላቸውን ወላጆች እንዴት እናግኛቸው?

በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በወረቀት። በመልእክቱ ላይ አንድ ነገር ይወቁ፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። 70 ካለፈ በየ67 ፊደሉ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይከፈልበታል፤ በአንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ይደርሳል። በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፉ ርካሽ ነው፤ ግን የሚያነበው ወጣቱ ነው፣ አያት አታነበውም።

«ዛሬ ማታ ልጅዎ በትምህርት ቤት የገረመውን አንድ ነገር እንዲነግርዎ ይጠይቁ።» ይህ 48 ፊደል ነው። አንድ መልእክት፣ አንድ ድርጊት፣ ዛሬ የሚደረግ። ምክንያቱን በዚያው መልእክት ለማስረዳት አይሞክሩ፤ ምክንያቱ ለወረቀቱ ነው።

ወረቀቱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፤ አንዱ ገጽ ለሁለት ሲቆረጥ የፎቶኮፒው ወጪም በግማሽ ይቀንሳል። ልጁ መንገድ ላይ እንዳይጥለው መገናኛ ደብተሩ ላይ ይለጠፍ፤ መገናኛ ደብተር ከሌለ የአማርኛ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ። ከታች የወላጅ ፊርማ ቦታ ይኑር፤ መፈረም የማይችል ምልክት ያድርግ።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆችስ?

የድምፅ መልእክት። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል፤ የሚናገረውም ወላጁ የሚያውቀው ሰው፣ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ወይም መምህርቷ ትሁን። በመጀመሪያ ለማን እንደሆነ ይነገር («የ1ኛ ክፍል ወላጆች»)፣ ቀጥሎ የሚደረገው ነገር፣ ቀጥሎ ለምን እንደሚጠቅም፣ በመጨረሻ የሚደረገው ነገር ይደገም። ጽሑፉን እያነበቡ መቅዳት ድምፁን የዜና ያስመስለዋል፤ ነጥቦቹን ብቻ ይዘው ይናገሩ። ነፋስ ያለበት ግቢና የእረፍት ሰዓት ጫጫታ ቅጂውን ያበላሻሉ። መስኮቱ የተዘጋ ባዶ ክፍል ይፈልጉ።

ሁለተኛው መንገድ ልጁ ራሱ ነው። ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ «ይህን ለቤተሰብ አንብበህ ና» የሚል የቤት ሥራ ንባቡንም ያለማምዳል፣ ምክሩንም ያደርሳል። ስለ ቅጣት፣ ስለ ወላጅ ጠብ ወይም ስለ ጥቃት የሚናገር ጽሑፍ ግን በልጅ እጅ አይላክም። በእድርና በሰንበቴ ላይ አንድ ሰው እንዲያነበው ማድረግም ይቻላል፤ ለዚህ የሚሆነው እንቅልፍን ወይም ወባን የመሰለ ማንንም የማያሳፍር ርዕስ ነው።

ቪዲዮ አይሻልም?

ለማየት ይሻላል፤ ለመድረስ ግን አይሻልም። የ3 ደቂቃ የድምፅ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋባይት አይሞላም፤ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ በ480 ጥራት 30 እና 40 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ለአጭር ጊዜ ጥቅል የሚገዛ ወላጅ ለእርስዎ ምክር ያን ያህል አይከፍልም። መክፈልም የለበትም።

እጅ ማየት የሚያስፈልገው ነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ የአጎበር አሰቃቀል ወይም የጥርስ አቦራረሽ፣ ቪዲዮ ይላክ፤ ከላዩ ርዝመቱና መጠኑ ይጻፍ («ቪዲዮ፣ 2 ደቂቃ፣ 12 ሜጋባይት»)። ወላጆች ቴሌግራማቸው ቪዲዮን በራሱ እንዳያወርድ በማስተካከያው ውስጥ ዳታና ማከማቻ በሚለው ሥር እንዲዘጉት አንድ ጊዜ አሳዩአቸው። የዩቲዩብ ሊንክ ሲልኩ ደግሞ ቪዲዮው ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንደሚቀጥል አይርሱ፤ ስልኩን ይዞ የሚያየው ልጁ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን እርስዎ አልመረጡትም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እናድርግ?

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል፤ ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መንገድ ከመጀመሪያው ይዘጋጅ። የተላከው ሁሉ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተርና በአንድ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። የፋይሉ ስም ቁጥር፣ ዕድሜና ርዕስ ይኑረው፦ «03 ከ7 እስከ 9 ዓመት እንቅልፍ»። ስልኩ በራሱ የሰጠው የቁጥር ስም ከወር በኋላ ለማንም አይገባም።

ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ወይም ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያሻግሩ መተግበሪያዎች ማስተላለፍ ይቻላል። ሜሞሪ የሚጭኑ ሱቆች ደግሞ ፋይሉን አንድ ጊዜ ከያዙት ዘፈን ሊያስጭን ለመጣ ወላጅ ያንንም ይጭኑለታል፤ ድምፁ አጭር ከሆነ እምቢ የሚል ባለ ሱቅ ብዙ አያጋጥምም።

በደቅ ደሴት፣ በዘጌና በሐይቁ ዳር ባሉ ቀበሌዎችስ?

እዚያ በየሳምንቱ ማለት አይቻልም፤ በወር አንዴ ይታሰብ። ጀልባ የሚሄድበትን ቀን ጠብቆ ፍላሽና የወረቀት ጥቅል ለርዕሰ መምህሩ ይላካል። ወረቀቱ በፌስታል ታስሮ ይሂድ፤ የሐይቁ ውኃ ጀልባው ውስጥ ይረጫል። ስልክ በሶላር በሚሞላበት ቦታ ባትሪ ለድምፅ እንጂ ለቪዲዮ አይተርፍም። ወላጅን ለማግኘት የገበያ ቀን ከስብሰባ ይሻላል፤ ለስብሰባ የማይመጣ ሰው ገበያ አይቀርም።

አንድ የሚረሳ ወገን አለ፦ ከገጠር መጥተው ባሕር ዳር ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች። ወላጃቸው የሚያገኛቸው ስንቅ ሲያመጣ ነው። ለእነዚህ ወላጆች ስለ ማታ እንቅልፍ ሰዓት የሚናገር ምክር ምንም አይሠራም፤ የሚሠራው በስልክ ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚወራ፣ ስንቅ ሲመጣ ምን እንደሚጠየቅና ከአከራዩ ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚቻል የሚያስረዳ ነው። ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ከውጭ ተተርጉሞ ስለማይገኝ መምህራኑ ራሳቸው ቢጽፉት ይሻላል።

በየስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት እንላክ?

በሳምንት አንድ። ከዚያ በላይ ሲሆን ወላጁ ማንበብ ያቆማል፤ ከዚያ ሲያንስ ቻናሉን ይረሳዋል። ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እራት ሳይቀርብ ወይም ልጅ ሳይተኛ፣ ምክሩ እዚያው ሊሞከር ይችላል። የቅዳሜ ገበያ ጠዋት፣ የእሑድ ቅዳሴ ሰዓትና የበዓል ዋዜማ ይቅሩ። ቴሌግራም መልእክትን ለሌላ ሰዓት ቀጥሮ የመላክ አማራጭ ስላለው መምህሩ ማታ ስልክ ላይ መቀመጥ የለበትም።

የትኛውን ርዕስ መቼ?

ወላጁ በዚያ ሳምንት የገጠመውን። መስከረም ላይ አዲስ የገባ ልጅ ለቅሶና የእንቅልፍ ሰዓት፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወባ፣ አጎበርና ትኩሳት ሲነሳ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ፤ ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመት ፈተና፣ የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ልጅ በሕዝብ መሀል እንዳይጠፋ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ጭንቀት።

ከሁሉ በፊት ግን ሰኔ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ስለ ውኃ የሚናገር ነገር ሳይላክ መቅረት የለበትም። ከውጭ የሚመጣው ጽሑፍ ስለ መዋኛ ገንዳ አጥር ያወራል፤ የእኛ ልጅ የሚገባው ሐይቁ ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢና ክረምት ሲገባ በሚሞላ ቦይ ውስጥ ነው። ዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ አለ፤ በሐይቁ ዳር ብልሃርዝያም አለ። «ልጅ ያለ አዋቂ ውኃ አጠገብ አይቁም» የሚለው ሐሳብ እንዳለ ይቀመጥ፤ ምሳሌው ግን በሙሉ ይለወጥ።

ያገኘነው ጽሑፍ ትክክለኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?

አዘጋጁ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደወጣና ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ የማይናገር ጽሑፍ ይቅር። የሚሸጥ ነገር ያለበት ይቅር። «ዶክተሮች የማይነግሩህ» ብሎ የሚጀምርም እንዲሁ። ከዚያ ቁጥሩን ከሚታወቅ ምንጭ ጋር ያስተያዩ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፤ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይተኛ። ያገኙት ጽሑፍ ከዚህ በጣም ከራቀ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ሁለት ሰው ሳያነበው ምንም አይላክ፤ አንዱ ከትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ራሱ ወላጅ የሆነ የህብረቱ አባል። የጤና ጉዳይ ሲሆን የጤና ጣቢያ ባለሙያ ይየው። ሁለተኛው አንባቢ ስህተት ከማግኘት ይልቅ «ይኼ አልገባኝም» ሲል ነው የሚጠቅመው።

የፈረንጅ ምክር ለእኛ ኑሮ ይሆናል?

ሐሳቡ ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ የቤቱ ዕቃ አይሆንም። «ልጁን ወደ ክፍሉ ይላኩት» የሚል ምክር ቤተሰቡ በአንድ ክፍል በሚኖርበት ቤት ትርጉም የለውም፤ «ለጥቂት ደቂቃ አጠገብዎ ዝም ብሎ ይቀመጥ» ሲባል ይሠራል። «ከመኝታ በፊት መጽሐፍ ያንብቡለት» የሚለው መጽሐፍ በሌለበት ቤት «ተረት ይንገሩት» ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ አያቶች ከማንም ይበልጣሉ። ስለ ምግብ ሲሆን ጾሙን ያስቡ፤ በዓቢይ ጾም መሀል «በየቀኑ እንቁላል» የሚል መልእክት የላከ ትምህርት ቤት ለቀጣዩም መልእክት ጆሮ አያገኝም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ጎመን ያሉበት ጽሑፍ ይፈለግ ወይም ይስተካከል።

ከመተርጎም በፊት ደግሞ ተተርጉሞ እንደሆነ ይፈልጉ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰሞን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ሌሎች ያወጧቸው የአንድ ገጽ የአስተዳደግ ምክሮች ከ100 በላይ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል። ከመካከላቸው ከልጅ ጋር ለብቻ ጊዜ ስለ መውሰድና ቁጣን ስለ ማብረድ የሚናገሩት ከወረርሽኙ ጋር አላረጁም።

የላክነው ፋይል ወላጆች ስልክ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆነ። ለምን?

ባብዛኛው ጽሑፉ በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ስለተጻፈ ነው። እነዚያ ፊደሉን በላቲን ቁልፎች ላይ ስለሚያስቀምጡት ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ የላቲን ዝብርቅርቅ ይወጣል። በዩኒኮድ (በአሁኖቹ ስልኮች ላይ ያለ ልዩ ፎንት በሚነበበው የፊደል አሠራር) እንደገና ይጻፍ፤ ጊዜ ከሌለ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ ይደረግ። አጭር ከሆነ ፋይል ማያያዙ ራሱ ይቅርና በቀጥታ በመልእክቱ ላይ ይጻፍ።

ኪውአር ኮድ በር ላይ ብንለጥፍስ?

ጥሩ ነው፤ ቁመቱን ግን ይለኩ። ኮዱ ሰው ከሚቆምበት ርቀት ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ያህል ይሁን፦ ከ1 ሜትር ለሚነሳ 10 ሴንቲሜትር። በወረቀት ላይ ከ2 ሴንቲሜትር አይነስ። ቴሌግራም ራሱ የሚሰጠውን የቻናል ኮድ ይጠቀሙ፤ በነፃ ሙከራ ከሚሰጡ ድረ ገጾች የሚወጣው የሙከራ ጊዜው ሲያልፍ ይዘጋና የለጠፉት ሁሉ ባዶ ይቀራል።

የሰው ጽሑፍ ተርጉሞ መላክ ሕግ ይፈቅዳል? የልጆች ፎቶስ?

ሊንክ መላክ ችግር የለውም። መተርጎምና አባዝቶ ማደል ግን የደራሲው መብት ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ይሸፍናል። በነፃ ፈቃድ የወጡትን ይምረጡ። የዓለም ጤና ድርጅት አብዛኛው ጽሑፍ ምንጩ እስከተጠቀሰና ለንግድ እስካልዋለ ድረስ መተርጎምን ይፈቅዳል፤ ትርጉሙን ድርጅቱ እንዳልሠራው ግን በግልጽ መጻፍ አለበት።

ፎቶውን በተመለከተ፦ የተማሪ ፊት፣ ስምና ክፍል አንድ ላይ በቻናል ላይ አይውጣ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የወላጆችን ስልክ ዝርዝር በግሩፕ ውስጥ መለጠፍም ሆነ ለአስጠኚ ድርጅት መስጠት ተራ ነገር አይደለም። ቁጥሩ የተሰበሰበበት ምክንያት በምዝገባ ቅጹ ላይ ይጻፍ።

ስለ ድብደባ የሚናገር ምክር ስንልክ ወላጆች ተቆጡ። እንተወው?

አይተውት፤ አካሄዱ ይቀየር። «መምታት ክልክል ነው» ብሎ የሚጀምር መልእክት ወላጁን የሚከስ ይመስላል፤ ተመትቶ ያደገ ሰው ደግሞ የራሱን እናትና አባት የሰደቡበት ያህል ይሰማዋል። ልጅ አልታዘዝ ሲል በምትኩ ምን እንደሚደረግ ይጀምር፦ ትእዛዙን አጭርና አንድ ማድረግ፣ ስሙን ጠርቶ ዓይኑን እያዩ መናገር፣ ሲታዘዝ ወዲያው ማመስገን፣ አስቀድሞ የተነገረ ትንሽ ቅጣት (ለምሳሌ የዛሬ ኳስ መቅረት) ሳይጮኹ መፈጸም። ይህ ለጥቂት ሳምንታት ከተላከ በኋላ ስለ ዱላ የሚናገረው ሰሚ ያገኛል።

ሌላም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል። ግቢው ውስጥ አለንጋ ይዞ የሚዞር መምህር ያለበት ትምህርት ቤት ስለ ቤት ውስጥ ዱላ ምክር ቢልክ ወላጁ ይስቃል። ቀድሞ የግቢው ይስተካከል።

ልጆቹ ራሳቸው ቻናሉን ያነቡታል። ምን እናድርግ?

ያነባሉ፤ የእናታቸው ስልክ እጃቸው ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መልእክት ልጁ ትከሻ ላይ ቆሞ እንደሚያነበው ተቆጥሮ ይጻፍ። «ልጅዎ ሲዋሽ በዚህ ያውቁታል» የሚል ተንኮል አይላክ፤ ልጁ ካነበበው ከንቱ ነው፣ ካላነበበውም አያምርም። ስለ ሱስ፣ ስለ ጉርምስና ወይም ስለ ፆታዊ ጉዳይ የሚናገረው በካርድ ቀን ለወላጅ በእጅ የሚሰጥ ወረቀት ይሁን።

መሥራቱን በምን እናውቃለን?

በዓይን ምልክቱ አይደለም። ከቻናል መልእክት ሥር ያለው ቁጥር መልእክቱ በስንት ስልክ ላይ እንደታየ እንጂ ስንት ሰው እንደሞከረው አይናገርም፤ ወደ ሌላ ሲተላለፍም ይጨምራል። በወር አንድ ጊዜ ስሙ የማይታይበት ድምፅ መስጫ ይለጠፍ፦ ሞከርኩት፣ ሞክሬው አልሆነልኝም፣ ጊዜ አላገኘሁም። «አልሆነልኝም» የበዛበት ርዕስ በሌላ ቃል እንደገና ይሠራል። ከወረቀቱ የተመለሰው ፊርማም ይቆጠር፤ ከአንድ ክፍል ምንም ካልተመለሰ ወረቀቱ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ።

አንዲት እናት ማታ ለአስተዳዳሪው ጽፋ ልጇ ላይ ጥቃት እየደረሰ መሆኑን ተናገረች። ምን ይደረጋል?

ቻናል ሲከፈት ይህ እንደሚመጣ ይታወቅ። አስተዳዳሪው አይመረምርም፣ ምስል አይጠይቅም፣ ተበዳይና በዳይን ለማስታረቅ ሽማግሌ አይልክም። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ልጁ አሁን አደጋ ላይ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አዎ ከሆነ በዚያው ሌሊት ወደ ፖሊስ ይደወላል። አካላዊ ወይም ፆታዊ ጥቃት ከደረሰ ልጁ ሳይታጠብና ልብሱ ሳይለወጥ በቶሎ ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ በኤች አይ ቪ እንዳይያዝ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። አደጋው ያን ያህል አስቸኳይ ካልሆነ በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ብቻ ይነገረውና ጉዳዩ በክፍለ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይመራል።

መልእክቱ አይጥፋ፤ ለሌላ ሰውም አይተላለፍ። የፖሊስ ጣቢያው፣ የጽሕፈት ቤቱና የሆስፒታሉ ስልክ ቁጥር አስተዳዳሪው ስልክ ውስጥ ቀድሞ የተመዘገበ ይሁን፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሌሊት ቁጥር መፈለግ አይቻልም።